ከቱሊ ጉሌድ የተዋስኳት መስኮት

የምተዳደረው በማስታወቂያ ሥራ ነው። ጅግጅጋ ከገበያው ገባ ብላ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በውስጧ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የቀለም ፕሪንተርና የተቀመጠባትን ሁሉ ለመጣል የምትፈልግ አንዲት ወንበር አሉ። የሱቅ ታፔላ፣ ባነር፣ የሠርግ መጥሪያ እሠራለሁ። በዓል ሲደርስ ደግሞ ካርድ፤ ለኢድ ጨረቃና ፋኖስ፣ ለገና ኮከብ፣ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ። አብዛኛው ከኢንተርኔት የወረደ ነው። ጽሑፉን ብቻ ቀይሬ አትመዋለሁ። ደንበኛው ያመሰግነኛል፤ እኔም ብዙ እንደደከመ ሰው ግንባሬን እጠርጋለሁ።

ስለዚህ ኤዶ ሱቄ ድረስ መጥታ «ለእናትህ የፋሲካ ካርድ ሥራልኝ» ስትለኝ አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚፈጅ ሥራ እንኳ አልመሰለኝም ነበር።

ኤዶ ጎረቤታችን ናት። ቃሉ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። አባቴ እህት አልነበረውም፤ እኔ ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ኤዶ ነው የምላት። እናቴን «አባዮ» ትላታለች፣ እህቴ እንደማለት ነው። እናቴም መልሳ «አባዮ» ትላታለች። እናቴ ከመሃል አገር ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከገበያ ዕቃ ገዝታ መመለስ ያስተማረቻት ኤዶ ናት። ሁለቱ በሌላ ስም ሲጠራሩ ሰምቼ አላውቅም።

በሁለት ሺህ ዐሥር ነሐሴ ከተማችንን ክፉ ቀን ገጠማት። ያን ሰሞን እኔና እናቴ የከረምነው ኤዶ ቤት ነው፤ ልጆቿን በር ላይ አስቀምጣ እኛን ጓዳ አስገባችን። ስለዚያ ከዚህ በላይ ማውራት አልወድም፣ እሷም አትወድም። አገር ረጋ ሲል እህቴ ከአዳማ ደውላ አለቀሰች። እናቴም «ለጥቂት ሳምንት ልያትና ልመለስ» ብላ ሄደች። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ነው የያዘችው። አልጋዋን አንጥፋ፣ የቤት ነጠላዋን ሚስማሩ ላይ ሰቅላ ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲህ «ክረምቱ ይውጣና»፣ «መንገዱ ይጥራና»፣ «ጉልበቴ ይሻለውና» እያለች ዓመታት አለፉ። ሰው ሲጠይቀኝ «ልትመጣ ነው» እላለሁ። መጀመሪያ እውነት ነበር። በኋላ ላይ እንደ «ደህና ነኝ» ያለ ነገር ሆነ።

ትናፍቀኛለች። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ለሰው ቤት ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ አውቃለሁ፤ ግን ከሥራ ስገባ የበሩን ድምፅ ሰምቶ «መጣህ?» የሚል ሰው አለመኖሩን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

አሁን ስለ መስኮቷ ልንገራችሁ። በእኛና በኤዶ ግቢ መካከል የድንጋይና የጭቃ አጥር ነበር። አጥሩ ላይ፣ በሴት ትከሻ ልክ፣ አንዲት ክፍተት ነበረች። ድንጋይ ወድቆ ይሁን ሆን ተብሎ የተተወ የሚያውቅ የለም። እናቴ «መስኮቴ» ትላት ነበር፤ መዝጊያ የላት፣ መስታወት የላት። ጨው፣ ክብሪት፣ ወሬ፣ የታመመ ልጅ መድኃኒት፣ ሁሉም በእሷ ያልፍ ነበር። ትልቁ ሥራዋ ግን የበዓል ነው። የእኛና የእነሱ ሥጋ እንደማይቀላቀል የታወቀ ነው። እናቴ ለፋሲካ ሁለት ዶሮ ትገዛለች። አንደኛዋ የቤታችን ናት። ሁለተኛዋን እግሯን አስራ ከነነፍሷ በመስኮቷ ለኤዶ ትሰጣታለች። የኤዶ ባል ቢስሚላህ ብሎ ያርዳታል፤ ዶሮዋ በዚያው መስኮት ተመልሳ ትመጣለች። እናቴ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ ትሠራታለች፤ የበሰለው ወጥ እንደገና በመስኮቷ ያልፋል። ለኢድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዶሮዋ ከኤዶ ዘንድ ትመጣለች፣ አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በስመ አብ ብሎ ያርዳል። በነፍስም በሥጋም እንደዚያች ዶሮ ድንበር የተሻገረ ፍጥረት ያለ አይመስለኝም።

እናቴ በዓሉ ደርሶ እንኳ ስትዘገይ ኤዶ በቅዳሜ ጠዋት አንገቷን በመስኮቷ አስግጋ ትጮኻለች። «አባዮ! ዶሮዬ የታለች?» የፋሲካ ደወል ለእኔ ይህ ነው።

ያቺ መስኮት ካርዱ ከመሠራቱ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ጠፋች። አከራያችን የድሮውን አጥር አፍርሶ በብሎኬት አስገነባው። እኔ ደገሀቡር የአንድ ሆቴል ታፔላ ልሰቅል ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ሥራው አልቋል። ግንበኛውን አልወቅሰውም። ገመዱን ወጥሮ፣ ውኃ ልኩን ይዞ፣ ቀጥ አድርጎ ገንብቷል። አከራዩ ጋ ደወልኩ። «በአጥር ላይ መስኮት? ለሌባ ነው እንዴ የምሠራው?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ደግሞም እውነቱን ለመናገር መስኮቷ ያለ እናቴ ሥራ አልነበራትም። እኔ ምሳዬን የምበላው ሆቴል ነው፤ ለኤዶ የማቀብላት ነገር የለኝም። ያቺ መስኮት ሁለት ሴት ትፈልግ ነበር።

ለእናቴ ግን እኔም ኤዶም አልነገርናትም። በደወለች ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ «መስኮቴ እንዴት ናት?» ትላለች። «አለች» እላታለሁ። ብትሰማ ይከፋታል፣ ጭራሽ ተስፋ ትቆርጣለች ብለን ነው።

ኤዶ ሱቄ የመጣችው ሁለቱ ጾሞች በተገጣጠሙበት ዓመት ነው። እሷ ረመዳን ላይ ናት፣ እኔ ሕማማት ላይ። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ሁለት የራባቸውና ፊታቸው የተኮሳተረ ሰዎች አንድ ስክሪን ፊት ተቀመጥን። ፎቶሾፕን ከፍቼ የፋሲካ ካርዶቼን አሳየኋት። የመጀመሪያው ላይ ጆሮዋ የረዘመ ጥንቸል ቀለም የተቀባ እንቁላል አቅፋ ተቀምጣለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ጥንቸል።»

«እናንተ ጥንቸል ትበላላችሁ?»

«አንበላም።»

«ታዲያ እናትህ ቤት ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው?»

ያቺን ጥንቸል ስንት ዓመት ለክርስቲያን ሁሉ ስሸጥ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ቀጥሎ መስቀል፣ ጧፍና አበባ ያለበትን አመጣሁ። ደስ አይላት ይሆናል ብዬ መስቀሉን ላጠፋው ስል እጄን መታ አደረገችኝ። «ተው! በዓሉ የእሷ ነው። የእሷን ነገር አትንካ» አለች። መስቀሉን ትቼ ጽሑፉን ጀመርኩ። «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ» ብዬ አነበብኩላት።

«ይሄን ሬዲዮኑም ይላታል» አለች። «እኔ የምላትን ጻፍ።»

«አንቺ ምን ትያታለሽ?»

አላሰበችም እንኳ። «‹አባዮ፣ ዶሮዬ የታለች?› ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩት። ፊደሉን ወፍራምና ቀይ አደረግሁት። እሱን ካየሁ በኋላ ጧፉም አበባውም ትርፍ መሰለኝና አጠፋኋቸው። ነጭ ሜዳ ላይ መስቀሉና ጥያቄው ብቻ ቀሩ።

«አሁን መስኮቷን አድርግበት» አለች ኤዶ።

«መስኮቷ የለችማ።»

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ! ያን ጊዜ በሠርግ ፎቶ ላይ የሞተውን አባት ከሙሽሮቹ ጎን ያቆምከው አንተ አይደለህም?»

እኔ ነኝ። ኮት ሁሉ አልብሼው ነበር።

«ለሞተ ሰው የቻልክ ለግድግዳ ያቅትሃል?» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የመጣችበትን ጉዳይ ነገረችኝ። «ስታየው ትመጣለች። ሆዷ አይችልም። ያለ አባዮ በዓል ሰልችቶኛል።»

እኔም ያመንኩት ያኔ ነው። በስልክ ስንት ዓመት ለምኛት እምቢ ያለችኝ እናቴ በአንድ ወረቀት ልትመጣ እንደምትችል ሳስብ ረሃቤ ጠፋ።

ችግሩ መስኮቷን ፎቶ ያነሳ ሰው አለመኖሩ ነው። ማን የአጥር ክፍተት ፎቶ ያነሳል? የቤቱን ፎቶ በሙሉ አገላበጥኩ። አጥሩ ከኋላ የሚታይበት አንድ የልደት ፎቶ ተገኘ፤ እሱም ላይ መስኮቷ ያለችበትን ቦታ የአጎቴ ጭንቅላት ሸፍኖታል። አጎቴ ድሮም ሰው ፊት መገተር ይወዳል።

በማግስቱ ለሥራ ቱሊ ጉሌድ ወደምትባል ጎረቤት ከተማ ሄድኩ። አንድ ሱቅ ላይ ባነር ሰቅዬ ጀርባው ብዞር ያ የድሮው አጥራችን ቆሞ አገኘሁት። ያው ድንጋይ፣ ያው ቀላ ያለ ጭቃ። መሃሉ ላይ ድንጋይ ወድቆ ክፍተት ተፈጥሯል፤ የእኛዋን አታክልም፣ ግን ዘመዷ ናት። ከፊት፣ ከጎን፣ ጠጋ ብዬ፣ ራቅ ብዬ አነሳኋት። ባለሱቁ ወጥቶ «ምን አገኘህ?» አለኝ። «አጥርህን ልዋሰው ነው» አልኩት። ሳቀና የምወስድበት መኪና እንዳለኝ ጠየቀኝ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የራሳችንን ግቢ ፎቶ አምጥቼ፣ ብሎኬቱ ላይ የቱሊ ጉሌድን ድንጋይ በማባዣው መሣሪያ እየቀዳሁ ደረደርኩ። ኤዶ ከኋላዬ ቆማ ታዝዛለች። «ይሄ ድንጋይ ሁለት ጊዜ አለ፤ መንታ ነው እንዴ?» ትላለች። አጠፋለሁ። «ዝቅ አድርጋት፤ እናትህ አጭር ናት።» ዝቅ አደርጋለሁ። «በዛ! ልጅ አደረግካት እኮ።» ከፍ አደርጋለሁ። በመጨረሻ ራሷ የሱቁ ግድግዳ ጋ ሄዳ ቆመችና በትከሻዋ ለካችልኝ። ከስንት ዓመት በኋላ እጇ ያለ ማሰብ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲሄድ አየሁት። «ጠርዟ ጥቁር ነው» አለች። «ከእጃችን።» እሱን ረስቼው ነበር። ጠርዙን ቀስ እያልኩ አጠቆርኩት፤ የሁለት ሴቶችን የእጅ ወዝ በማውዝ ለመቀባት ስሞክር ዋልኩ።

ልጨርስ ስል መብራት ሄደ። አላስቀመጥኩትም። ልሳደብ አፌን ስከፍት ኤዶ «ጾም ነው» አለችኝ። ዋጥኩት። እሷም የሆነ ነገር በሶማሊኛ ስትውጥ ሰማሁ። በማግስቱ ሀ ብለን ጀመርን።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው አማረ። ኤዶ ግን ባዶዋን መስኮት አይታ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷን ፎቶ አታስነሳም፣ ከወጣትነቷም ጀምሮ። እጇን ግን ዘረጋችልኝ። ሱቁ በር ላይ፣ ብርሃኑ ደህና በሆነበት፣ በስልኬ አነሳሁት። ሂናው ደብዝዟል፣ ደም ሥሩ ወጥቷል፣ መዳፉ እንደሚቀበል ሰው ተከፍቷል። ቆርጬ በመስኮቷ አስገባሁት። ከመዳፉ በታች ድንጋዩ ላይ ትንሽ ጥላ ጣልኩ።

ለረጅም ጊዜ አየችው። «እጄ አረጀ» አለች።

እኔ ደግሞ ያን ጥላ የጣልኩት ራሴ ሆኜ፣ እናቴ አሁን ከግራ በኩል ዶሮዋን ይዛ ትገባለች ብዬ ስክሪኑን ስጠብቅ ራሴን ያዝኩት። አለቀስኩ። ኤዶ እንዳታይ ፕሪንተሩን የማስተካክል መሰልኩ፤ አይታለች።

በጥሩ የፎቶ ወረቀት አተምነው። በስልክ እንዳልልክ ኤዶ ከለከለችኝ፤ በእጇ ይዛ ትየው አለች። ዓርብ ጠዋት ወደ አዳማ ለሚሄድ አንድ የማውቀው ነጋዴ አደራ ሰጠሁት።

የትንሣኤ ዕለት እናቴ ደወለች። እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። «አለች! እንዳለች ናት! ጠርዟ እንኳ እንደ ጠቆረ! የአባዮ እጅ ደግሞ፣ አየኸው? ያው ነው እኮ!» እኔ ስልኩን ይዤ አንዲት ቃል እጠብቃለሁ። መጣሁ የምትለዋን።

«ልጄ» አለች ረጋ ብላ፣ «አሁን ልቤ ዐረፈ። የሚያስጨንቀኝ ምን እንደነበር ታውቃለህ? ቤቱ እንዳልነበር ሆኖ ይሆናል እያልኩ ነበር። አለ ለካ። እንግዲህ በዚህ ጉልበቴ መንገድ ለመንገድ ምን አንከራተተኝ? ካርዱን እህትህ አልጋዬ ፊት ለፊት ለጥፋልኛለች። ይበቃኛል። እዚያ ያለውን አልጋዬን ለተቸገረ ሰው ስጠው።»

እሺ አልኳት። ጓዳ ገብቼ አልጋዋን አየሁት። አንሶላው ራሷ እንዳነጠፈችው ነው፤ በየጊዜው አራግፌ መልሼ አነጥፈዋለሁ። ለማንም አልሰጠሁትም።

በበሩ ዞሬ ኤዶ ዘንድ ሄድኩ። እስክቀመጥ አልጠበቀችም። «መቼ ነው?» አለች። የሰማሁትን ነገርኳት። ጭኗን በመዳፏ መታች።

«እኛ ነን ያበላሸነው» አለች። «አባዮን አታውቃትም? ደስ ሲላት ትቀመጣለች። የምትነሳው ስትናደድ ነው። ‹ዘጉብሽ› ብንላት ኖሮ፣ ወላሂ፣ በማግስቱ ዲጂኖ ይዛ ትመጣ ነበር።»

እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ አከራዩ ውኃ ዘግቶብን እናቴ ድሬዳዋ ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ፣ ቧንቧው ካልተከፈተ አልነሳም ያለች ሴት ናት። ይህን የማውቅ ልጇ ነኝ። ደስ በሚል ካርድ አመጣታለሁ ብዬ ድንጋይ ስደረድር ከረምኩ።

«አሁን እውነቱን ላክላት» አለች ኤዶ። «እንዳለ። ምንም ሳትቀባ።»

ወደ ግቢያችን ተመልሼ ብሎኬቱን አነሳሁት። ብርሃን እንኳ አልጨመርኩም። ግራጫ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ የሲሚንቶው መስመር እንኳ አልተዛነፈም። ለእህቴ በስልክ ላክሁና «ለእማዬ አሳዪያት፤ መስኮቷ ተደፍናለች፣ አንድ ዓመት ሆናት በያት» አልኳት። ከዚያ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ።

ስልኩ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ስቃ ስቃ መናገር አቅቷታል።

«አንተ ተንኮለኛ! እኔን ለማምጣት ብለህ ነው?»

«እማዬ፣ እውነተኛው ይሄ ነው። የበፊቱን ነው እኔ የሠራሁት።»

«ሂድ ወዲያ! ያስታውቃል እኮ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ግድግዳ እኛ ሰፈር የት አለ?»

«ማርያምን እውነቴን ነው።»

«በበዓል ቀን በማርያም አትማል!» አለች፣ አሁን ትንሽ ተቆጥታ። ከዚያ ድምጿ እንደገና ለሰለሰ። «እጇን እኮ አይቻለሁ፣ ልጄ። የአባዮን እጅ እኔ አላውቀውም? እሱን በኮምፒውተር መሥራት አትችልም።»

እጁ እውነት ነበር።

«ይልቅ አሁን በመስኮቷ ብቅ በልና ሰላም በላት። አባዮ ናፍቃሻለች በላት። እዚያው ናት አይደል?»

«እዚያው ናት» አልኳት።

ስልኩን ዘጋሁት። ኤዶ ከብሎኬቱ ወዲያ ማዶ ቆማ ስትጠብቅ ኖሯል፤ ድምጿ በአጥሩ አናት ላይ መጣ።

«ዋርያ! ምን አለች? ተናደደች?»

«ሰላም ብላሻለች» አልኳት፣ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ።